ከምላጭ በፊት ማዕድ

የቀዶ ሕክምና ታሪክ ዘወትር የሚተረከው በእጅ ብልሃትና በመሣሪያ መሻሻል ነው። ይሁን እንጂ የቁስል መዳን በታማሚው ሰውነት ውስጥ ባለው ስንቅ ጭምር ይወሰናል። ይህን በአኃዝ ያሳየው አሜሪካዊው ሐኪም ሂራም ስተድሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው ጥናት መሠረት፣ በጨጓራ ቁስለት ምክንያት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው ሰዎች መካከል አስቀድሞ ከክብደታቸው ከ20 በመቶ በላይ ያጡት ከመቶው 33 ያህሉ ሲሞቱ፣ ከዚያ ያነሰ ከጎደላቸው የሞቱት 3.5 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ከቦሌ መድኃኔዓለም ብዙም በማይርቀው፣ ገርጂ በሚገኘው የኮሪያ ሆስፒታል ጎብኚ የቀዶ ሐኪሞች በኖማ የተጎዳ ፊት መልሰው ሲሠሩ የገጠማቸው ይኸው ሐቅ ነው። ኖማ ረሀብ ያደከመውን ሕፃን ፊት የሚበላ በሽታ ነው፤ የተረፈውም መንጋጋው ስለሚቆለፍ ማኘክ ይሳነዋል። በመሆኑም ረሀብ የከፈተው ቁስል ረሀብን ያራዝማል። ከሌላ የሰውነት ክፍል የተዛወረ ሥጋ እንዲይዝ ደግሞ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ካጣ ስፌቱ ይላላል፣ ቁስሉም ይመረቅዛል። ጎብኚው ቡድን የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ማብላቱ አስቀድሞ ካልተጀመረ ዕድሉ ያመልጣል።

አውሮፓ ከኖማ የተገላገለችው በአመዛኙ ኑሮዋና ምግቧ በመሻሻሉ ነበር፤ በናዚ ማጎሪያዎች ግን ከረሀብ ጋር ተመልሶ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች የመደበው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ነው። እንግዲህ ማዕዱ የሕክምናው መቅድም ብቻ ሳይሆን የሕክምናው መሠረት ነው ማለት ይቻላል።