«ዘ ላስት ዎልትዝ»ን በቤት ውስጥ መመልከት፦ የአንድ ባንድ ስንብት፣ ፊልሙ የሚያሳየውና የሚሸሽገው

«ዘ ላስት ዎልትዝ» ገና ሙዚቃው ሳይጀመር ለተመልካቹ ትእዛዝ የሚሰጥ ፊልም ነው። በመክፈቻው ላይ የሚነበበው አጭር ጽሑፍ ፊልሙ ድምፁ ከፍ ተደርጎ እንዲታይ ያሳስባል። ፊልሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ በቀረበበት በ1978 የትእዛዙ ተቀባዮች የሲኒማ ቤት ባለሙያዎች ነበሩ። ዛሬ ትእዛዙን የሚቀበለው በአፓርታማው ሳሎን የተቀመጠ፣ ከጎረቤቱ ጋር ግድግዳ የሚጋራ፣ ሪሞቱን በእጁ የያዘ ሰው ነው። ይህ ጽሑፍ ያን ትእዛዝ በቤት ውስጥ እንዴት ማክበር እንደሚቻል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በስክሪኑ ላይ ስለሚታየውና ስለማይታየው ያትታል። የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

በማርቲን ስኮርሴዚ ዳይሬክተርነት የተሠራው ይህ ፊልም 117 ደቂቃ የሚረዝም ሲሆን፣ «ዘ ባንድ» በሚል ስም የሚታወቀው የሮክ ቡድን ከመድረክ ጉዞ የተሰናበተበትን ኮንሰርት ያሳያል። ስሙ በአማርኛ ሲነገር ትንሽ ግራ ያጋባል፤ «ባንድ» የቡድኑ ዓይነትም ስሙም ነው። አምስት አባላት ነበሩት። ጊታር ተጫዋቹና የአብዛኞቹ ዘፈኖች ደራሲ ተብሎ የተመዘገበው ሮቢ ሮበርትሰን፣ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ሪክ ዳንኮ፣ ፒያኖ ተጫዋቹ ሪቻርድ ማኑኤል፣ እንዲሁም ከኦርጋን እስከ ሳክስፎንና አኮርዲዮን የሚያዳርሰው ጋርዝ ሃድሰን ከካናዳ ኦንታሪዮ ግዛት የወጡ ናቸው። ድራም እየመታ የሚዘፍነው ሌቮን ሄልም ብቻ አሜሪካዊ ነው፤ በአርካንሳስ ጥጥ የሚያመርት ገበሬ ልጅ።

አምስቱን ያገናኛቸው ሮኒ ሃውኪንስ የተባለ የአርካንሳስ ዘፋኝ ነው። ወደ ካናዳ ተሻግሮ በኦንታሪዮ መጠጥ ቤቶች ሲጫወት አጃቢ አድርጎ የቀጠራቸው እርሱ ነበር። ከእርሱ ከተለዩ በኋላ በ1965 እና በ1966 ቦብ ዲለንን አጅበው ዞሩ። ዲለን የኤሌክትሪክ ጊታር በማንሳቱ የተቆጣው ታዳሚ በየከተማው ይጮኽባቸው ስለነበር፣ ሄልም ጩኸቱን መታገሥ አቅቶት ጉዞውን አቋርጦ ሄደ፤ የተመለሰውም ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ1968 በኒውዮርክ ግዛት፣ በዉድስቶክ አቅራቢያ ከሚገኝ ሮዝ ቀለም ከተቀባ ቤት ስሙን የወሰደው የመጀመሪያ አልበማቸው ወጣ። ሌሎች ባንዶች ድምፃቸውን በሚያጎሉበትና የጊታር ሶሎ በሚያስረዝሙበት ዘመን፣ እነዚህ ሰዎች ረጋ ያለ፣ ከቤተ ክርስቲያን መዝሙር፣ ከገጠር ዘፈንና ከብሉዝ የተቀዳ ሙዚቃ ይዘው ቀረቡ። ሄልም፣ ዳንኮና ማኑኤል አንዱን ዘፈን በመሀል እየተቀባበሉ ይዘፍኑታል። ፊልሙን ለመረዳት ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ቁልፍ ያለ አይመስለኝም፤ ይህ አንድ መሪ ድምፃዊ ያልነበረው ቡድን ነው።

ኮንሰርቱ የተካሄደው ኅዳር 25 ቀን 1976፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 16 ቀን 1969፣ በአሜሪካ የምስጋና ቀን ዕለት ነው። ቦታው በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው ዊንተርላንድ የተባለ አዳራሽ ነበር። ቀድሞ የበረዶ ላይ መንሸራተቻ የነበረው ይህ አዳራሽ፣ ቡድኑ በ1969 «ዘ ባንድ» በሚለው ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት መድረክም ነው። የኮንሰርቱ አዘጋጅ ቢል ግሬሃም ለአንድ ቲኬት 25 ዶላር አስከፈለ። በጊዜው ውድ ዋጋ ነበር፤ ነገር ግን ቲኬቱ እራትንም ይጨምራል። አምስት ሺህ ያህል ሰው ለበዓሉ የተዘጋጀውን የተርኪ ሥጋ በልቶ፣ በኦርኬስትራ ታጅቦ ዎልትዝ ከደነሰ በኋላ ነው ሙዚቃው የተጀመረው። ከእራቱ በፊልሙ ውስጥ የቀረ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ለመድረኩ ማስዋቢያ ከሳን ፍራንሲስኮ ኦፔራ «ላ ትራቪያታ» ለተባለው ኦፔራ የተሠራው ዕቃ ተከራይቶ መጣ፤ ከሮክ ሙዚቀኞች በላይ የተንጠለጠሉት ጌጠኛ መብራቶችም ከዚያ የተገኙ ናቸው።

ስኮርሴዚ ለኮንሰርት ፊልም እንግዳ አልነበረም። በ1970 በወጣው «ዉድስቶክ» ፊልም ላይ በረዳት ዳይሬክተርነትና በፊልም ቅንብር ሠርቷል። ያ ፊልም ግማሽ ውበቱን ያገኘው በጭቃ ውስጥ ከተቀመጠው ሕዝብ ነው። በዊንተርላንድ ግን ዳይሬክተሩ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጠ። ካሜራዎቹ ከሙዚቀኞቹ ፊት፣ ከጣቶቻቸውና እርስ በርስ ከሚለዋወጡት ጥቅሻ አይላቀቁም። የሚያጨበጭበውን ሰው ከመስማት በቀር የምናየው ለአፍታ ብቻ ነው። በቤት ለብቻው ለሚመለከት ሰው ይህ ውሳኔ ያግዛል፤ ከሺህዎች መካከል የጎደለ አንድ ታዳሚ ሳይሆን መድረኩ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው የሆነ ያህል ይሰማዋል።

ሰባት ባለ 35 ሚሊ ሜትር ካሜራዎች ተመደቡ። በዚያ ዘመን ኮንሰርት የሚቀረጸው ባብዛኛው ቀለል ባሉ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ካሜራዎች ስለነበር፣ ይህ ለልብ ወለድ ፊልም እንጂ ለኮንሰርት ያልተለመደ ወጪ ነው። ከካሜራዎቹ ጀርባ የ«ታክሲ ድራይቨር» ቀራጭ ማይክል ቻፕማን ነበር። በ1956 የሶቪየት ጦር ቡዳፔስትን ሲወጋ ቀርጸው ፊልሙን ይዘው ከሀገራቸው የተሰደዱት ሁለቱ ሀንጋሪያውያን፣ ላስሎ ኮቫክስና ቪልሞስ ዚግሞንድም አብረው ነበሩ። ስኮርሴዚ የዘፈኖቹን ግጥም መስመር በመስመር ከካሜራ እንቅስቃሴና ከብርሃን ለውጥ ጋር ያዛመደ ዳጎስ ያለ ጽሑፍ አዘጋጅቶ፣ በጆሮ ማዳመጫ ትእዛዝ ያስተላልፍ ነበር።

ይሁንና አንድ ጥቅል ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚቆየው 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የትኛው ካሜራ በየትኛው ዘፈን መካከል ፊልም እንደሚቀይር አስቀድሞ መወሰን ነበረበት። ዕቅዱ ሊከሽፍ የደረሰው የቺካጎው የብሉዝ ንጉሥ መዲ ዋተርስ «ማኒሽ ቦይ»ን ሲዘፍን ነው። ሌሎቹ ካሜራዎች ቆመው ሳለ፣ ትእዛዝ የሚሰማበትን ማዳመጫ ያወለቀው ኮቫክስ ብቻ መቅረጹን ቀጠለ። ሁሉም ካሜራዎች ቢሠሩ ኖሮ ትዕይንቱ ወደ ሃርሞኒካ ተጫዋቹ ፖል በተርፊልድ፣ ወደ ድራሙ፣ ወደ ጊታሩ በተቆራረጠ ነበር። በችግር ምክንያት ግን ዓይናችን ሳይነቀል በአንድ ሰው ፊት ላይ ይቆያል፤ በእኔ ግምት ከፊልሙ ሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነው።

እንግዶቹ ብዙ ናቸው፤ ሮኒ ሃውኪንስ፣ ዶክተር ጆን፣ ኒል ዳይመንድ፣ ቫን ሞሪሰን፣ መጨረሻ ላይም ሪንጎ ስታርና ሮን ውድ። ኤሪክ ክላፕተን ሶሎውን ሲጀምር የጊታሩ ማንጠልጠያ ይፈታበታል፤ ሮበርትሰን ዓይን እስኪርገበገብ ድረስ እንኳ ሳይዘገይ ሙዚቃውን ይቀበለዋል። ኒል ያንግ ሲዘፍን ከላይ የሚሰማው ቀጭን የሴት ድምፅ የጆኒ ሚቸል ነው። እርሷ ወደ መድረክ የምትወጣበት ተራ ገና ስለነበር ከመጋረጃ ጀርባ ሆና አጀበችው፤ በስክሪኑ የምናየው ጥላዋን ነው። ቦብ ዲለን ደግሞ በዚያ ጊዜ ከራሱ ፊልም ጋር እንዳይሻማ በመስጋት ለመቀረጽ ፈቃደኛ ሳይሆን ቆይቶ፣ በመጨረሻው ሰዓት በተደረሰ ስምምነት ከዝግጅቱ ከፊሉ ብቻ ተቀረጸ።

ፊልሙ የሚጀምረው ከኮንሰርቱ መጨረሻ ነው። የደከሙት ሙዚቀኞች ታዳሚው አልሄድም ሲል ተመልሰው የተጫወቱት የመጨረሻ ዘፈን በመጀመሪያ ይቀርባል። ከዚያ በየመሀሉ ስኮርሴዚ ያደረጋቸው ቃለ ምልልሶች ይገባሉ። ሦስት ክፍሎች ደግሞ ጭራሽ የዊንተርላንድ አይደሉም፤ ከስቴፕል ሲንገርስ ጋር የተጫወቱት «ዘ ዌይት»፣ ከኤሚሉ ሃሪስ ጋር የተጫወቱት «ኢቫንጀሊን»፣ እና የፊልሙ መጠሪያ የሆነው ዜማ በኋላ በስቱዲዮ የተቀረጹ ናቸው። ታዳሚ የሌለበት ጸጥታና የካሜራው ለስላሳ ዑደት ያሳብቅባቸዋል። የኮንሰርቱም ድምፅ ቢሆን እንደ ወረደ አልተተወም፤ በርካታ መሣሪያዎችና ድምፆች በስቱዲዮ ተስተካክለዋል፣ ከፊሉም እንደገና ተቀድቷል።

በዚህ ሁሉ ላይ የከረረ ቅሬታ ያቀረበው ሄልም ነው። በ1993 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ ፊልሙ ሮበርትሰንን እንደ ቡድኑ መሪ፣ ሌሎቹን እንደ አጃቢ አድርጎ አቅርቧል ሲል ከሰሰ። የሮበርትሰን ማይክሮፎን አብዛኛውን ጊዜ ዝግ እንደነበር፣ ሪቻርድ ማኑኤል ግን ከእንግዶቹ ጀርባ ተሸፍኖ እንደቀረ፣ ከፊልሙ ገቢም ተገቢው ድርሻ እንዳልደረሰው ጽፏል። ከሁሉ በላይ፣ ስንብቱ የሮበርትሰን ውሳኔ እንጂ የእርሱ ፍላጎት አልነበረም። የፊልሙ ፕሮዲውሰር ሮበርትሰን ራሱ መሆኑ ለክሱ ክብደት ሰጥቶታል። ሮበርትሰን በበኩሉ በ2016 በወጣው «ቴስቲሞኒ» በተሰኘው መጽሐፉ፣ የመጨረሻዎቹ ዓመታት በሱስና በመዛል የተሞሉ እንደነበሩ ይተርካል። በ1994 ቡድኑ በሮክ ሙዚቃ የክብር መዝገብ ሲሰፍር ሄልም በሥነ ሥርዓቱ ላይ አልተገኘም።

ሲኒማ ቤት ውስጥ ይህን ክርክር መዳኘት አይቻልም፤ ፊልሙ ያልፋል። ሪሞት የያዘ ሰው ግን ይችላል። ተመልካች በመጀመሪያ ፊልሙን እንደ ቀረበለት ይመልከት። ሁለተኛ ጊዜ ሲያይ ሮበርትሰን ሲዘፍን የሚሰማው ድምፅ የማን እንደሆነ ያዳምጥ። በመዝጊያው የጋራ ዘፈን መድረኩ በዝነኞች ሲሞላ ማኑኤልን ይፈልግ፤ ድምፁን ከምስሉ በፊት ያገኘዋል። ሄልም ፍጹም ልክ ነው ለማለት እቸገራለሁ፤ ምክንያቱም ፊልሙ ጊታር የያዘውን ሰው የቱንም ያህል ቢወድ፣ ሄልም አንገቱን ወደ ማይክሮፎኑ አዙሮ እየመታ ሲዘፍን ሌላው ሁሉ ይረሳል። ማኑኤልን በተመለከተ ግን ቅሬታው እውነት አለው። ከ1983 ጀምሮ ቡድኑ ያለ ሮበርትሰን እንደገና ሲዞር ማኑኤል አብሮ ነበር፤ በ1986 በጉዞ ላይ ሳሉ ራሱን አጠፋ።

አሁን ወደ ሳሎኑ። አዳዲስ ቴሌቪዥኖች ምስልን ለማለስለስ በተቀረጹት ምስሎች መካከል የራሳቸውን ፈጥረው ይጨምራሉ። በሴኮንድ 24 ምስል የተቀረጸ ፊልም በዚህ ዘዴ ሲታይ የስቱዲዮ ድራማ ይመስላል፤ የመብራቶቹ ሞቅ ያለ ቀለምና የጭሱ ክብደት ይጠፋል። ስለዚህ የእንቅስቃሴ ማለስለሻውን ማጥፋት፣ ወይም ቴሌቪዥኑ ለፊልም የተመደበ የምስል ምርጫ ካለው እርሱን መምረጥ ይገባል። በድምፅ በኩልም ንግግርን ለማጉላት የተሠራው ምርጫ ቤዙንና ድራሙን ስለሚያቀጥን መዘጋት አለበት።

ቴሌቪዥኑ ጀርባ ላይ ያሉት ቀጫጭን ስፒከሮች የሪክ ዳንኮን ቤዝ አይሸከሙም። ሁለት ደህና ስፒከሮች ይበቃሉ። ነገር ግን ግድግዳ አልፎ ጎረቤት የሚቀሰቅሰው ይኸው ወፍራም ድምፅ ስለሆነ፣ ስፒከሩን ከጋራ ግድግዳና ከወለል ማራቅ ድምፁን ከመቀነስ ይሻላል። ሌሊት ለሚመለከቱ የጆሮ ማዳመጫ መፍትሔ ነው፤ በተቻለ መጠን ባለ ገመድ ይሁን። በብሉቱዝ የሚሠሩት አንዳንዴ ድምፁን ያዘገያሉ፤ ንግግር ላይ ብዙም ላይታወቅ ይችላል፣ የሄልም ዱላ ድራሙን ከነካ በኋላ ዘግይቶ ሲሰማ ግን ይረብሻል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች ያስቀመጠው ገደብ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል መሆኑን ማስታወስም አይከፋም፤ ፊልሙ ድምፅ ይጨመር ይላል እንጂ ጆሮ ይጎዳ አይልም።

ፊልሙን በዲስክ ለሚገዙ አንባቢዎች አንድ ማሳሰቢያ። ክራይቴሪየን በ2022 ያወጣው እትም የ4ኬ ዲስክና የብሉሬይ ዲስክ አለው። የ4ኬ ዲስኮች የክልል ገደብ ስለሌላቸው በየትኛውም አገር ባለ የ4ኬ ማጫወቻ ይሠራሉ። ብሉሬዩ ግን ለሰሜን አሜሪካ የተመደበ በመሆኑ ከዋሽንግተን በሻንጣ ተይዞ ዱባይ፣ ስቶክሆልም ወይም አዲስ አበባ ቢደርስ በአካባቢው የተገዛ ማጫወቻ ላይቀበለው ይችላል። ዲቪዲም እንዲሁ ነው፤ አሜሪካ በክልል 1፣ አውሮፓና የባሕረ ሰላጤው አገሮች በክልል 2፣ ኢትዮጵያ በክልል 5 ትመደባለች። በኢንተርኔት የሚከራይበት ቦታም ከአገር አገር ይለያያል።

በ2019 ፊልሙ በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ እንዲጠበቅ ተመርጧል። ዊንተርላንድ በ1978 መጨረሻ ተዘግቶ በ1985 ፈርሷል፤ ዛሬ በቦታው የመኖሪያ አፓርታማ ቆሟል። ዳንኮ በ1999፣ ሄልም በ2012፣ ሮበርትሰን በ2023 ዐርፈዋል። ከአምስቱ የመጨረሻው፣ በፊልሙ ውስጥ ጥቂት ተናግሮ ብዙ የሚጫወተው ጋርዝ ሃድሰን፣ በጥር 2025 አረፈ። ፊልሙ ያላካተታቸውን ዘፈኖች መስማት የሚሻ ሰው በ2002 በአራት ሲዲ የታተመውን ስብስብ ቢፈልግ፣ በዚያ ሌሊት በዊንተርላንድ ከተሰማው ብዙውን ያገኛል።