ሐኪም ቤቱ ቀደመ፤ ትምህርት ቤቱ ዘገየ

አዲስ አበባ ከእንጦጦ ተራራ የወረደችው በፍል ውኃ ምክንያት እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ከነመኳንንቶቻቸው ብርድ ከሚያይልበት ከተራራው ራስ እየወረዱ በፍል ውኃው ይታጠቡ ነበር። ቁርጥማት የያዘውም ሁሉ ሕመሙን ለማስታገሥ በዚያው ድንኳን ይተክል ነበርና፣ በ1879 ዓ.ም. ግድም ሰፈሩ ወደ ከተማነት ተለወጠ። እንግዲህ የዋና ከተማችን አጀማመር ጤናን ከመፈለግ ጋራ የተያያዘ ነው ማለት ነው። ዳሩ ግን ጤናን መፈለግ ሌላ፣ ጤናን የሚጠብቅ ሰው ማስተማር ሌላ ነው። የመጀመሪያው በሰው ሁሉ ዘንድ ያለ ሲሆን፣ ሁለተኛው በአገራችን እጅግ ዘግይቶ መጣ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያንኑ መዘግየትና ያስከፈለንን ዋጋ ነው።

ከዚያ በፊት ሕክምና አልነበረም ለማለት አይደለም። ወጌሻው የተሰበረ አጥንት ይጠግናል፤ ልምድ ያላት አዋላጅ ታዋልዳለች፤ መድኃኒት ዐዋቂው ሥርና ቅጠል ይቀምማል፤ በብራና የተጻፉ የመድኃኒት መጻሕፍትም ነበሩ። በደጋው አገራችን የሚበቅለው ኮሶ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ አውሮጳ ተሻግሮ በመድኃኒት መዛግብታቸው ገብቷል፤ በሳይንስ ስሙም በቊስጥንጥንያ ይኖር በነበረው ብራየር በተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ተሰይሞ ነበር። (የእኛ ሰው ፊቱን አጨማዶ ስንት ዘመን የጠጣውን መራራ ነገር፣ ስሙን ሌላ ወሰደው።) ነገር ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት የሚተላለፈው በምስጢር ነበር። አባት ከልጆቹ መካከል አንዱን መርጦ ሥሩን ያሳየዋል፤ የሚያምነው ልጅ ካጣ ግን ዕውቀቱ ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራል። በአደባባይ ያልተነገረ ትምህርት ደግሞ የሚያርመውም የሚጨምርበትም አያገኝም።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ጦርነት ብዙ ሺህ ወታደር ቈሰለ። በዚህ ጊዜ የሩሲያ ቀይ መስቀል ማኅበር የሐኪሞች ጓድ ላከ። ኢጣልያ በምጽዋ በኩል እንዳያልፉ ስለ ከለከለቻቸው በጅቡቲ ዞረው፣ ሐረርን አቋርጠው፣ በዚያው ዓመት ክረምት አዲስ አበባ ገቡ። ለቁስለኛው የተተከለው ድንኳን ወዲያው ሌላውን ሕመምተኛ ሁሉ ሳበ። ኋላም ሩሲያውያኑ ቋሚ ሐኪም ቤት ከፍተው ሕዝቡን ያለ ክፍያ ሲያክሙ ቆዩና፣ በ1898 ዓ.ም. ግድም ሥራው ቆመ። ሐኪሞቹ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ቦታቸውን የሚይዝ ኢትዮጵያዊ ሐኪም በከተማው አልነበረም። በዚያው ዘመን ወደ ሩሲያ የሄዱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም (በኋላ ፊታውራሪና በጅሮንድ የሆኑት) ተምረው የተመለሱት የመድፈኛነትን ጥበብ ነበር። ጠላት ባሕር ማዶ ሳይሆን መረብ ማዶ በተቀመጠበት ዘመን ይህ ምርጫ የሚያስነቅፍ አይደለም፤ የሆነውን ግን መመዝገብ ይገባል።

በ1902 ዓ.ም. በሩሲያውያኑ ሐኪም ቤት ፈንታ በዳግማዊ ምኒልክ ስም የሚጠራው ሐኪም ቤት ቆመ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በዚያን ጊዜ በጽኑ ደዌ ተይዘው ነበር። ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ይህ ቤት በመንግሥት ከተቋቋሙት ሐኪም ቤቶች የመጀመሪያው ነው፤ ነገር ግን ለብዙ ዘመን የሚሠሩበት ሐኪሞች ሁሉ ከውጭ የመጡ ነበሩ። ግንቡን ለማቆም የንጉሥ ትእዛዝና የጥቂት ዓመት ገንዘብ ይበቃል፤ ሐኪም ለማፍራት ግን ፊደል ቈጥሮ፣ ሒሳብና ኬሚስትሪ ተምሮ፣ ከዚያም ስድስትና ሰባት ዓመት የሚደክም ወጣት ያስፈልጋል። ያ ወጣት የሚወጣበት ትምህርት ቤት ገና ከጅምሩ አልተላቀቀም ነበር።

ለመሆኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዘመናዊ ሐኪም እንዴት ተገኙ? ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ ሕፃን ነበሩ። አንድ የእንግሊዝ መኰንን ወደ ሕንድ ወሰዳቸው፤ በላሆር ሕክምና ተማሩ፣ በስኮትላንድም ትምህርታቸውን አሻሻሉ፣ በበርማም አገር በሐኪምነት አገለገሉ። ወደ አገራቸው ተመልሰው ሕዝቡን አከሙ፤ በየካ በኩል ባለው በእንግሊዝ ሌጋሲዮንም ሐኪም ሆነው ሠሩ። አንባቢ ይህን ልብ ይበል፤ የመጀመሪያው ሐኪማችን የመንግሥት ዕቅድ ፍሬ ሳይሆኑ የጦር ሜዳ አጋጣሚ ፍሬ ነበሩ። ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈት የዚያው ሹም ሆኑ። ሐኪሙ ወደ መምህርነት መዞራቸው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የአገሪቱን ሕመም በሚገባ መርምረው የሰጡት መድኃኒት ነው።

የመዘግየቱ ዋጋ በኅዳር 1911 ዓ.ም. ተከፈለ። ዓለምን ሁሉ ያዳረሰው ግሪፕ አዲስ አበባ ሲገባ በከተማይቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ ከእነርሱም መካከል በበሽታው የተያዙ ነበሩ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ዳኑ። በአዲስ አበባ ብቻ የሞተው ሰው ወደ 10,000 እንደሚደርስ ተገምቷል። አስታማሚ ጠፋ፤ ቀባሪ ጠፋ። ለጉንፋኑ መድኃኒት በዓለም ላይ አልነበረምና ሐኪም ቢበዛም ሁሉን ባላዳነ ነበር። ነገር ግን ውኃ የሚያቀብል፣ ንጽሕና የሚጠብቅ፣ የታመመውን ከጤነኛው የሚለይ፣ ጥቂት ወር የተማረ ሰው ብዙ ነፍስ ባተረፈ ነበር። እነሆ፣ ኅዳር 12 ቀን የከተማው ሰው በየደጁ ቆሻሻ ሰብስቦ የሚያጤሰው የዚያን ዘመን መታሰቢያ ሆኖ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣውን በአጭሩ ልለፈው። በ1916 ዓ.ም. ግድም ራስ ተፈሪ የቤተ ሳይዳን ሐኪም ቤት ከፈቱ፤ ዛሬ የካቲት 12 የሚባለው ነው። በ1928 ዓ.ም. የፋሽስት ወረራ መጣ፤ የተጀመረውም ሁሉ ተቋረጠ። ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ተገደሉ። ከነጻነት በኋላ እንደገና ከሀ መጀመር ግድ ሆነ። በስደት ሳሉ በለንደን የሕፃናት ሐኪም ቤት የነርስነትን ትምህርት የፈጸሙት ልዕልት ፀሐይም በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በነቀምት በወጣትነታቸው አረፉ፤ በስማቸውም ሆስፒታል ቆመ። በ1942 ዓ.ም. ግድም ቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት ሲከፍት፣ የትምህርቱ ነገር ከሐኪም ቤቱ ነገር ጋራ መጓዝ ጀመረ። በየሐኪም ቤቱም ቁስል የሚያጥቡና መርፌ የሚወጉ ድሬሰሮች እየሠለጠኑ ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይላኩ ነበር። በብዙ ወረዳ ውስጥ ሕዝቡ ለዘመናት «ሐኪም» ብሎ የጠራው እነዚህን ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከጎንደር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያሻል። በጎንደር አጠገብ ባለው በደምቢያ ሜዳ በ1940ዎቹ አጋማሽ ወባ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጅቶ ነበር። በጥቅምት 1947 ዓ.ም. በጎንደር ከተማ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። የኢትዮጵያ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅትና የአሜሪካ የፖይንት ፎር ዕርዳታ በአንድነት ያቋቋሙት ነው። የተማሪዎቹ ዓይነት ሦስት ነበር፤ ጤና መኰንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒታሪያን። አሳቡ ቀላል ነው፤ ለዘመኑ ግን እንግዳ ነበር። አንድ ሐኪም በከተማ ሆኖ የታመመውን ከሚጠብቅ፣ ሦስት ሰዎች በአንድነት ወደ ገጠር ወርደው በሽታው የሚነሣበትን ቦታ ይያዙ የሚል ነው። መኰንኑ ይመረምራል፣ ያክማል፣ ጣቢያውን ያስተዳድራል፤ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን በየቤታቸው ትጎበኛለች፤ ሳኒታሪያኑ ምንጭ ያጐለብታል፣ መጸዳጃ ያስቈፍራል፣ ረግረግ ያስደርቃል። ተማሪዎቹም በክፍል ውስጥ የሰሙትን እንደ ቆላ ድባ ባሉት ጤና ጣቢያዎች ከገበሬው መካከል ተቀምጠው ይሠሩት ነበር።

የዚህ ትምህርት አስፈላጊነት ወዲያው ታየ። በ1951 ዓ.ም. መግቢያ በደጋማው አገር እንደገና ወባ ሲነሣ 150,000 ያህል ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል። ከማዕከሉ የወጡት ገና ጥቂት ነበሩ፤ ወረርሽኙ እንደ እነርሱ ያሉ ብዙዎች ያስፈልጉ እንደ ነበር አስመሰከረ። ሆኖም በጤና መኰንኑ ላይ «ግማሽ ሐኪም» የሚል ስም ለጥፈው የሚያናንቁት አልጠፉም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መግቢያ ገደማ ጎንደር ወደ ሐኪሞች ትምህርት ቤትነት ተለወጠ፤ የጤና መኰንኖች ሥልጠናም ለብዙ ዓመት ተቋርጦ ኋላ እንደገና ተጀመረ። ሐኪም መጨመሩ መልካም ነው። ነገር ግን ሐኪሙን ለማፍራት ሲባል ጤና መኰንኑን ማቆም ምሰሶ ለማቆም ማገር እንደ መንቀል ነበር፤ ኋላ መቀጠሉም ይህንኑ ያሳያል። በ1996 ዓ.ም. ግድም የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራም የዚያው የጎንደር አሳብ የልጅ ልጅ ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች አንድ ዓመት ተምረው ወደ ቀበሌያቸው ተመለሱ፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ።

በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው በ1957 ዓ.ም. ግድም ነው። የሩሲያውያኑ ድንኳን ከተተከለ ወደ 70 ዓመት ሊሞላ ነው ማለት ነው። ከዚያ በፊት ሐኪም መሆን የሚሻ ወጣት ወደ ቤይሩት ወይም ወደ አውሮጳ ይላክ ነበር። በኤዲንበርግ የተማሩት የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ፕሮፌሰር ዓሥራት ወልደየስ በፋኩልቲው መቋቋም ከደከሙት አንዱ ናቸው። ቀዶ ጥገናን በአገሩ ሕመምተኛ ላይ፣ በአገሩ መምህር እጅ መማር ተቻለ።

ከትምህርቱ ጋራ ምርምሩ መጣ። በ1957 ዓ.ም. ግድም ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከእነርሱ በታች ባለው ውኃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዋ ቢልሃርዝያ የተባለውን በሽታ የምታስተላልፍ ናት። አጣቢዎቹ ከጥንት ጀምሮ በእጃቸው የያዙትን ነገር የተማረ ሰው ጠየቀው፣ መዘነው፣ ጻፈው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ ምርምሩ ቀጠለ። በ1982 ዓ.ም. ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በስዊድን የሚሰጠውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ያው በምስጢር ይተላለፍ የነበረው የዕፀዋት ዕውቀት በአደባባይ ሲወጣ ምን እንደሚሆን ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ፈንጣጣም በዚህ መንገድ ጠፋ። በጥር 1963 ዓ.ም. የማጥፋቱ ዘመቻ ሲጀመር ከውጭ አገር አማካሪዎች ጋራ ገደሉንና ቆላውን በእግራቸው የዞሩት ኢትዮጵያውያን የጤና ሠራተኞች ናቸው። በአገራችን የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው።

ወደ እንጦጦ ልመለስ። ኤች አይ ቪ በተስፋፋበት ዘመን ብዙ ሕመምተኞች ከየአገሩ መጥተው በእንጦጦ ማርያም ጠበል አጠገብ ሰፈሩ። መድኃኒቱ ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ዋጋ ሲታደል፣ ከእነዚህ መካከል መድኃኒት መዋጥ እምነትን መካድ የመሰላቸው ነበሩ፤ ጀምረው የተዉም ነበሩ። ይህ በስብከት ብቻም በሐኪም ቁጣ ብቻም የሚፈታ ነገር አልነበረም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዚያው በተራራው ላይ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውንና ዐብረው ሊወሰዱ እንደሚገባ በይፋ አስተማሩ። ስለ በሽታው የተማሩ ካህናትም ለምእመናን ማስረዳት ያዙ። የሕክምና ትምህርት ለሐኪም ብቻ የሚሰጥ የሚመስለው ሰው ካለ፣ ያችን ተራራ ያስታውስ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ሲነገር፣ ከኅዳር በሽታ በኋላ 101 ዓመት አልፎ ነበር። ሕመምተኞቹ እንዲገቡበት የተዘጋጀው በዚያው በየካ ክፍለ ከተማ ያለው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ነው። ነርሶችና ሐኪሞች በአጫጭር ኮርሶች መከላከያ ልብሱን አለባበስ፣ ከዚያም ይልቅ አወላለቁን ተማሩ፤ የሚይዘው በአብዛኛው ሲያወልቅ ነውና። ምርመራውን በሚመለከት ግን የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልከው ነበር። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ በእንጦጦ ግርጌ በጉለሌ በሚገኘው፣ የቀድሞው የፓስተር ኢንስቲትዩት ወራሽ በሆነው በኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ምርመራው ተጀመረ፤ ከዚያም ሥራውን የተማሩ ባለሙያዎች በየክልሉ ላቦራቶሪ ቀጠሉት።