ድኅረ ኢምፕሬሽኒዝም

የዚህን የሥዕል ስልት ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1910 ለለንደኑ ኤግዚቢሽን ያወጣው እንግሊዛዊው ሃያሲ ሮጀር ፍራይ ነው። ከስልቱ ሰዓሊዎች አንዱ ቫን ጎግ ያኔ ከሞተ 20 ዓመት ሆኖታል፤ የወል መጠሪያውን ሳይሰማ አለፈ ማለት ነው።

«ድኅረ» ሲባል መከተል ብቻ ይመስላል፤ ግን ከዚያም በላይ ነው። ኢምፕሬሽኒስቶቹ ብርሃን ዓይን ላይ ሲያርፍ የሚታየውን ቅጽበት ያሳድዱ ነበር፤ ተከታዮቹ ግን ቀለሙን ለገዛ ስሜታቸው አዘዙት። ቫን ጎግ በጁላይ 1888 ፈረንሳይ፣ አርል ውስጥ የሳለውን የአበባ ስፍራ ልብ ይሏል። ሰማዩ የጠራ ነው። ከፊት ብርቱካናማው፣ ቀዩና ቢጫው በወፍራሙ ተጠቅጥቋል። ቀረብ ብለው ሲያዩት አበባ የሚሉት ነገር የለም፤ የብሩሽ ምት ብቻ። ራቅ ሲሉ ያብባል።

ሰከን ያለውን ሰዓሊ ሴዛንን በዚሁ ስም መጥራት ግን፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አይዋጥልኝም።