ሚዩና ፵
የጽርእ ፊደል በባዕድ ጽሑፍ መካከል ስለሚቀመጥበት ሁኔታ አጭር ታሪካዊ ጥናት

ይህን አጭር ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን አንድ ትንሽ ነገር ነው። ከጓደኞቻችን አንዱ ስለ ሐዋሳ ሐይቅ ውኃ የመመረቂያ ጽሑፉን ካዘጋጀ በኋላ ሐይቅ ዳር ከሚገኙት የኅትመት ቤቶች ወደ አንዱ ወስዶ አሳተመው። ጓደኛችን በውኃው ውስጥ ያለውን ክሎሮፊል የሚባለውን አረንጓዴ ቀለም የለካው በሊትር ስንት ማይክሮግራም እንደሚገኝ በማስላት ነበር። ማይክሮግራም በሳይንስ አጻጻፍ ሲያጥር ሚዩ በምትባለው የጽርእ ፊደልና ከእርስዋ ቀጥሎ በሚመጣው የላቲን ጂ ይመለከታል። ጥራዙ ታስሮ ሲመጣ ግን ሚዩ በነበረችበት ቦታ ሁሉ የእንግሊዝኛው ኤም ገብቶ ተገኘ። ኤምና ጂ አንድ ላይ ሲጻፉ ሚሊግራም ማለት ነው፤ ሚሊግራምም የማይክሮግራም ሺህ እጥፍ ነው። ፈታኙ መምህር ገጹን ተመልክተው፥ «ልጄ፥ ነገሩ እንዲህ ከሆነማ ሐይቃችን ውኃነቱ ቀርቶ ጎመን ሆኗል» አሉት። እኛ ሣቅን፤ እርሱ ግን ጥራዞቹን ሁሉ ከኪሱ ከፍሎ እንደ ገና ማሳተም ስለ ነበረበት አልሣቀም።

ነገሩ በሣቅ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ይኸው ስሕተት በመድኃኒት ማዘዣ ላይ ቢደርስ በሽተኛው ሺህ እጥፍ መድኃኒት ሊሰጠው ይችላል። ስለዚህ በውጭ አገር ስለ መድኃኒት ጥንቃቄ የሚያስተምሩ ድርጅቶች ሐኪሞች ሚዩን በማዘዣ ላይ እንዳይጽፉ ይመክራሉ። እንግዲህ አንዲት ፊደል ከአገርዋ ወጥታ በሌላ ጽሑፍ መካከል ስትቀመጥ ምን ይደርስባታል? ሰዎችስ እንዳትጠፋ በየዘመኑ ምን ዘዴ ፈጠሩ? የዚህ ጥናት ጥያቄ ይህ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ማስታወሻ እንሰጣለን። ጽርእ ያልነው ግሪክን ነው፤ በዚህ ጽሑፍም የጽርእን ፊደል በመልኩ ሳይሆን በስሙ እየጠራን እንጽፋለን። በጓደኛችን የደረሰው በእኛም እንዳይደርስ ነው። ዓመታቱም ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ጽርእ በአክሱም

በጥንት ዘመን ጽርእ በቀይ ባሕር ዳርቻ የንግድ ቋንቋ ነበረ። በ1ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው ፔሪፕሉስ የሚባለው የነጋዴዎች መጽሐፍ፥ ዞስካሌስ የተባለው የአካባቢው ንጉሥ የጽርእን ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው እንደ ነበረ ይመሰክራል። ከ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፥ ማለት ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፥ የአክሱም ነገሥታት ባስመቱት ገንዘብ ላይ የጽርእ ጽሑፍ ይነበባል። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ዔዛና በቤጃ ላይ ያደረገውን ዘመቻ በድንጋይ ሲያስቀርጽ አንድ ጊዜ በጽርእ ቋንቋ፥ ሁለት ጊዜ ደግሞ በግእዝ ቋንቋ አስጽፎታል፤ ከሁለቱም አንዱ በሳባ ፊደል፥ ሁለተኛው በግእዝ ፊደል ነው።

ለጥናታችን የሚጠቅመን ግን ሦስቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን መቆማቸው አይደለም። የሚጠቅመን በግእዙ ጽሑፍ ውስጥ የሰውና የከብት ብዛት ሲቈጠር የገባው ምልክት ከጽርእ ፊደል የተወሰደ መሆኑ ነው። ጽርኣውያን ለቁጥር የተለየ ምልክት ሳያወጡ ፊደላቸውን በተራ ይቈጥሩበት ነበር። አልፋ አንድ፥ ቤታ ሁለት፥ ጋማ ሦስት፥ ዴልታ አራት እያለ ቴታ ዘጠኝ ላይ ይደርሳል። ከዚያ ዮታ ዐሥር፥ ካፓ ሃያ፥ ላምዳ ሠላሳ ይሆናል። ከላምዳ ቀጥላ የምትመጣው ሚዩ ደግሞ አርባ ናት። የእኛ ፩፥ ፪፥ ፫፥ ፬ የእነዚሁ የአልፋ፥ የቤታ፥ የጋማና የዴልታ ልጆች ናቸው። የእኛ ፵ም ከሚዩ በስተቀር ሌላ አይደለችም። በጓደኛችን ጥራዝ ውስጥ የጠፋችው ፊደል በየቤታችን ባለው ዳዊት፥ በመዝሙር ፵ ራስጌ ላይ ተቀምጣ ትኖራለች ማለት ነው።

አባቶቻችን ይህችን እንግዳ ሲቀበሉ ያደረጉት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ የሚያስፈልጋቸውን ያህል ብቻ ወሰዱ። ከ፩ እስከ ፻ ያሉት ምልክቶች 19 ናቸው፤ ጽርኣውያን ግን ለሁለት መቶ ሲግማን፥ ለሦስት መቶ ታውን እያሉ ይቀጥላሉ። እኛ ሁለት መቶን ፪፻ ብለን እንጽፋለን፤ ዐሥር ሺህንም ፼ ያልነው ሁለት ፻ አጣምረን ነው። ሁለተኛ፥ የምልክቶቹን መልክ ቀስ በቀስ ከግእዙ ፊደል ጋር አስማሙት። ሦስተኛ፥ ከላይና ከታች ሰረዝ ሰጡአቸው። ጽርኣውያን ፊደሉ ለቁጥር ሲገባ በላዩ ላይ ሰረዝ ያደርጉ ነበር፤ የእኛ ጸሓፊዎች ግን ምልክቱን በሁለት ሰረዝ መካከል አስገቡት። አንባቢ በዚያ ላይ ሲደርስ ይህ የሚነበብ ቃል ሳይሆን የሚቈጠር ቁጥር መሆኑን ያለ ጥርጥር ያውቃል። ሰረዙ ጌጥ ብቻ ሳይሆን የእንግዳው መታወቂያ ነው።

፪. እርሳስና ባዶ ቦታ

በአውሮፓ ኅትመት ሲጀመር የላቲን መጻሕፍት በመካከላቸው የጽርእ ጥቅስ ነበረባቸው፤ አታሚዎቹ ግን የጽርእ ፊደል ገና አልቀረጹም። በ1465 በሮማ አጠገብ በሱቢያኮ ገዳም ስቬይንሃይምና ፓናርትስ የተባሉ ሁለት አታሚዎች የላክታንቲዩስን መጽሐፍ ሲያትሙ በመጀመሪያዎቹ ገጾች ጽርኡ የሚገባበትን ቦታ ባዶ ተዉት፤ በእጅ እንዲሞላ ነው። በሥራው መካከል ግን የጽርእ ፊደል ስላዘጋጁ በቀሩት ገጾች ጥቅሱ በኅትመት ገባ። አንዱን መጽሐፍ ገልጦ የሚመለከት ሰው ችግሩንና መፍትሔውን በአንድ ጥራዝ ያያል። ቆይቶ በ1495 አልዱስ ማኑቲዩስ በቬኒስ የጽርእ መጻሕፍትን በብዛት ማተም ጀመረ።

የግእዝ ፊደልም ዕድል ተመሳሳይ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ካህን በሮማ የሚኖሩትን የኢትዮጵያ መነኮሳት ጸሎት ሰምቶ ቋንቋቸውን ከእነርሱ ተማረ፤ በ1513ም በሮማ መዝሙረ ዳዊትን በግእዝ አሳተመ። በ1518 ደግሞ በኮሎኝ ዳዊትን በዕብራይስጥ፥ በጽርእ፥ በግእዝና በላቲን በአንድነት አወጣ። ግእዝን «ከለዳውያን» ብሎ መሰየሙ ስሕተት ነው፤ ነገር ግን ጽርእና ግእዝ በእርሳስ ፊደል በአንድ መጽሐፍ ፊት ለፊት ሲቀመጡ እናያለን። ከዚያ በኋላ በ1865 በላይፕሲክ የወጣው የዲልማን የግእዝ መዝገበ ቃላት ከዚህ አልፎ ሄደ። ትርጓሜው በላቲን ሆኖ፥ ለግእዙ ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ ተመሳሳይ የሆነውን የጽርእ ቃል በዚያው መስመር ላይ ያስገባል።

ይህ ሥራ ምን ያህል ድካም እንዳለው ለመገመት የፊደል ለቃሚውን አሠራር ማሰብ ይበቃል። እያንዳንዱ ፊደል በራሱ የእርሳስ ቁራጭ ላይ ተቀርጾ በሣጥን ውስጥ በየክፍሉ ይቀመጣል። ለቃሚው የላቲኑን መስመር እየለቀመ ሲሄድ ጽርእ ሲመጣበት እጁን ወደ ሌላ ሣጥን ይሰዳል፤ ግእዝ ሲመጣበት ከ200 በላይ ክፍል ወዳለው ሣጥን ይዞራል። የሁሉም እርሳስ ቁመት እኩል ካልሆነ አንዱ ፊደል ደምቆ ሌላው ደብዝዞ ይታተማል። ለቃሚው ተሳስቶ ሌላ ቁራጭ ሊያነሣ ይችላል። ነገር ግን የሚዩ እርሳስ ከተነሣና በመስመሩ ከገባ በኋላ በራሱ ተለውጦ ኤም ሊሆን አይችልም። የፊደሉ ማንነት ከብረቱ ጋር የተጣበቀ ነውና።

፫. ተለዋዋጭ ኳስና ፎንት

ይህ ጽናት የላላው በጽሕፈት መኪና ጊዜ ነው። የጽሕፈት መኪና ያሉት ቁልፎች ጥቂት ስለ ሆኑ ለጽርእ ቦታ አልነበራቸውም። ተማሪው ባዶ ቦታ እየተወ ጽፎ፥ በኋላ በቀለም ብዕር ይሞላዋል፤ ከሱቢያኮ አታሚዎች ዘዴ የተለየ አልነበረም። የእጅ ጽሑፉ መልከ ጥፉ ቢሆንም ሚዩዋ ሚዩ ነበረች።

በ1961 አይ ቢ ኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሴሌክትሪክ የሚባለውን መኪና አወጣ። በዚህ መኪና ፊደላቱ የተቀረጹት በአንዲት ትንሽ ኳስ ላይ ነበረ። ጸሓፊው የእንግሊዝኛውን ኳስ አውጥቶ የጽርእና የሒሳብ ምልክት ያለበትን ኳስ ሲያስገባ ያው ቁልፍ ሌላ ፊደል ይመታለታል። ታላቅ ቅለት ነበረ። ነገር ግን ከዚህ ወዲያ ቁልፉ የፊደሉ ስም መሆኑ ቀረ፤ ስሙን የሚወስነው በላይ የተሰካው ኳስ ሆነ። ቢሆንም በወረቀት ላይ አንድ ጊዜ የታተመው ስለማይለወጥ ጉዳት አልተሰማም።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ይኸው አሳብ ቀጠለ። በ1985 የወጣው የአፕል ሌዘር ማተሚያ ሲምቦል የሚባል ፎንት ይዞ መጣ። በኮምፒዩተር ውስጥ እያንዳንዱ ፊደል የሚታወቀው በመለያ ቁጥር ነው፤ የእንግሊዝኛው ትንሹ ኤም ቁጥር 109 ነው። በሲምቦል ፎንት ግን 109 ቁጥር የሚዩን መልክ ለብሳ ትታያለች። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ሚዩ ስትታይ በኮምፒዩተሩ ማኅደር ውስጥ ያለችው ኤም ናት። ጽሑፉ ወደ ሌላ ፕሮግራም ሲገለበጥ ወይም ሁሉም በአንድ ፎንት ይሁን ሲባል ልብሱ ይወልቃል፤ ኤምም ትገለጣለች። በጓደኛችን ላይ የደረሰው ይህ ነው። እርሱ ሚዩን የጻፈው ከአንድ የቆየ ናሙና ላይ በሲምቦል ነበር፤ በኅትመት ቤቱም ገጹ ያምር ዘንድ ሁሉን በአንድ ፎንት አደረጉለት። ክፉ ያሰበ የለም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ሕማም በራሳችን ፊደል አይተነዋል። በመጀመሪያ ጊዜ የተሠሩት የግእዝ ፎንቶች የላቲንን ቁጥሮች ተውሰው ፊደላችንን በላያቸው የሚያለብሱ ነበሩ። አንዱ ፎንት «ሀ» ያደረገውን ቁጥር ሌላው ሌላ ያደርገው ስለ ነበረ፥ በአንድ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ማንም የማያነበው የላቲን ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር።

፬. የራስ ቁጥር

መድኃኒቱ የተገኘው ዩኒኮድ በሚባለው ስምምነት ነው። ዩኒኮድ ለእያንዳንዱ ፊደል የማይጋራው የራሱ ቁጥር ሰጠ። የጽርእ ፊደል በ1991 በወጣው በመጀመሪያው እትም ገባ፤ የግእዝ ፊደል ደግሞ በ1999 በወጣው በ3ኛው እትም ገባ። በዚህ መዝገብ ሚዩ 956 ናት፤ ልጅዋ ፵ም 4981 ናት። ኤም በቀድሞ ቁጥርዋ በ109 ትኖራለች። ፎንቱ ቢለዋወጥ ሚዩ መልኳ ይለወጥ ይሆናል እንጂ ኤም አትሆንም። ወደ እርሳሱ ጽናት ተመልሰናል ማለት ነው። አንድ ጉድለት ብቻ ቀርቷል፤ ከቀድሞ መዝገብ የተወረሰ «የማይክሮ ምልክት» የሚባል 181 ቁጥር ስላለ፥ መልካቸው አንድ የሆነ ሁለት ሚዩዎች ይገኛሉ። በአንዱ የተጻፈውን በሌላው የሚፈልግ ሰው አንዳንድ ጊዜ ሊያጣው ይችላል።

አንዳንድ ሰዎች «ይህ ሁሉ ጣጣ ከሚመጣ የጽርእን ፊደል ትቶ በቃል መጻፍ አይሻልም ወይ?» ይሉናል። በመድኃኒት ማዘዣ ላይ ልክ ናቸው፤ ሕይወት ካለበት ቦታ ማይክሮግራም ተብሎ በሙሉ ይጻፍ። ነገር ግን ፓይንና ሲግማን ከሒሳብ፥ ላምዳን ከፊዚክስ አውጥተን አንዘልቅም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በነበርንበት ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ የለመድናቸው እነዚህ ምልክቶች የዓለም ተማሪ ሁሉ የጋራ ንብረት ናቸው። በከተማችንም አንድ ገጽ ሁለት ዓይነት ፊደል ሲይዝ ማየት ብርቅ አይደለም፤ ሲዳሙ አፎ በላቲን፥ አማርኛ በግእዝ ፊደል በአንድ ማስታወቂያ ላይ ይጻፋሉ። ከእንግዳ ፊደል ጋር መኖር ግዴታችን ስለ ሆነ አኗኗሩን ማወቅ ይሻላል።

ስለዚህ ለተማሪ ጓደኞቻችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። የጽርእን ፊደል ፎንት በመለወጥ አትጻፉ፤ በራሱ ቁጥር አስገቡት። ጽሑፋችሁን ወደ ኅትመት ቤት ስትወስዱ በውስጡ ያሉትን እንግዳ ፊደላት በአንድ ወረቀት ላይ ዘርዝራችሁ ስጡ። ከመታሰሩም በፊት በዝርዝሩ መሠረት ገጽ በገጽ አመሳክሩ፤ መስፈሪያ ያለበትን ቍጥር ሁሉ ሁለት ጊዜ ተመልከቱ።

የአክሱም ጸሓፊዎች ኮምፒዩተርም እርሳስም አልነበራቸውም። ነገር ግን እንግዳን ፊደል የተቀበለ ሰው ቦታና መታወቂያ ሊሰጠው እንደሚገባ ተረድተውት ነበር። ፵ ዛሬም ከአርባ ሌላ ተብላ የማትነበበው ስለዚህ ነው። የጓደኛችንም ጽሑፍ ታርሞ በቤተ መጻሕፍቱ ተቀምጧል፤ ሐይቁም ውኃ ሆኖ ቀርቷል።