የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች የሙያ ሥልጠና

የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ከመጻሕፍቱ ብዛት ባልተናነሰ በሠራተኞቹ የሙያ ብቃት ይወሰናል። በሰሜን ወሎ ዞን ለወልዲያ፣ ለመርሳ፣ ለሐራና ለአካባቢው ወጣቶች በቅርብ የሚገኘው የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ማሳያ ነው።

በ2004 ዓ.ም የተቋቋመው ይኸው ተቋም በመርሳም ካምፓስ አለው። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት፣ ወልዲያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም ከመንግሥት ቁጥጥር ውጭ በቆየችባቸው ወራት፣ ዩኒቨርሲቲው ዘረፋና ውድመት ደርሶበታል። ከእንዲህ ዓይነት ጉዳት በኋላ ኮምፒዩተርና መጽሐፍ በግዢና በስጦታ ሊተኩ ይችላሉ፤ የመጣውን መዝግቦና መድቦ ለአንባቢ የሚያደርስ ባለሙያ ግን የሚገኘው በሥልጠናና በልምድ ነው።

በአገሪቱ የዘርፉን ባለሙያዎች በሁለተኛ ዲግሪ ለማሠልጠን እ.ኤ.አ በ1990 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት ተቋቁሟል። ከመደበኛው ትምህርት ጎን ለጎን ግን በሥራ ላይ የሚሰጥ ሥልጠና አስፈላጊ ነው።

የሥልጠናው መሠረት ምዝገባና ምደባ ነው። በውጭ አገር የተዘጋጁ የካታሎግ ሥርዓቶች ጸሐፊን በቤተሰብ ስም ያስቀድማሉ። ኢትዮጵያዊ ግን የሚጠራው በራሱ ስም በመሆኑ ሐዲስ ዓለማየሁ መፈለግ የሚገባቸው በ«ሐዲስ» እንጂ በ«ዓለማየሁ» አይደለም። ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላትም ሌላ ጥንቃቄ ይሻሉ። ስለ ሐራ የተጻፈ ጥናት በአንዱ መዝገብ «ሐራ»፣ በሌላው «ሀራ» ተብሎ ከገባ፣ በአንዱ አጻጻፍ ብቻ የሚፈልግ ተማሪ ሌላውን ሳያገኝ ይቀራል። ስለሆነም ሠራተኞች አንድ ወጥ አጻጻፍ እንዲከተሉና አማራጩንም አብረው እንዲመዘግቡ ይሠለጥናሉ።

ሁለተኛው ዘርፍ የኤሌክትሮኒክስ መረጃ አጠቃቀም ነው። እ.ኤ.አ በ2002 በጤና መስክ የተጀመረው ሂናሪና በ2003 በግብርና መስክ የተከፈተው አጎራ በታዳጊ አገሮች ለሚገኙ ተቋማት የምርምር መጽሔቶችን በነፃ ወይም በዝቅተኛ ክፍያ ያቀርባሉ። ሆኖም የተቋሙን ምዝገባ የሚያስፈጽም፣ መምህራንና ተማሪዎችንም የአፈላለግ ዘዴ የሚያስተምር ሠራተኛ ከሌለ ዕድሉ ጥቅም ላይ ሳይውል ይቀራል።

ሦስተኛው የአገር ውስጥ ጥናቶችን በዲጂታል መልክ ማቆየት ነው። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ በ2019 ያወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ የዩኒቨርሲቲ ጥናቶች ለሕዝብ ክፍት እንዲሆኑ ይደነግጋል። ለዚህም ያለ ክፍያ የሚገኘው ዲስፔስ የተባለው ሶፍትዌር ያገለግላል። አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ በወረቀት ብቻ ከተያዘ ከሕንፃው ጋር አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ ቅጂው በሌላ ከተማ በሚገኝ ሰርቨር ከተቀመጠ ግን ከአደጋ በኋላም ይገኛል።

ሥልጠና ፍሬ የሚያፈራው ቀጣይነት ሲኖረው ነው። የሠለጠነው ሠራተኛ ሲዛወር ወይም ሥራ ሲለቅ ዕውቀቱ አብሮት እንዳይሄድ፣ የተማረውን ለባልደረቦቹ ማካፈሉና የአሠራር ደንቡ በጽሑፍ መቀመጡ የሥልጠናው አካል ሊሆን ይገባል።