ምራቅ ያጣ አፍ

የጥርስ ሐኪም ወንበር ወደ ኋላ ይተኛል። እኛ አፋችንን ከፍተን ጣሪያ ጣሪያውን እያየን እንጠብቃለን። ሳንባውን የሰናፍጭ ጋዝ ለበላው ሰው ግን በጀርባው መተኛቱ ራሱ ጭንቅ ነው፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ከማሽኑ የሚረጨው ውሃ ያስለዋል።

የማወራው ስለ ኢራን ዘማቾች ነው። ከ1980 እስከ 1988 እ.ኤ.አ. በቆየው ጦርነት የሳዳም ሁሴን ጦር ይህን ጋዝ ተጠቅሞባቸዋል። የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎችም በ1984 ሄደው አረጋግጠዋል። ስሙ ጋዝ ይሁን እንጂ ነገሩ ቅባትነት ያለው ፈሳሽ ነው። ሲነካ ወዲያው አያምም፤ ከሰዓታት በኋላ ነው ቆዳ ውሃ የሚቋጥረው፣ ዓይን የሚቃጠለው። ብዙዎቹ ያን ቀን አልሞቱም። አገራቸው «ጃንባዝ» ትላቸዋለች፤ ነፍሱን ያስያዘ እንደማለት።

ታዲያ ጥርስን ምን አገናኘው? እውነቱን ለመናገር እኔም መጀመሪያ ሳነበው ገርሞኝ ነበር፤ ሳንባ እያለ ጥርስ? ነገሩ ዞሮ ነው የሚመጣው። ትንፋሽ ያጠረው ሰው በአፉ መተንፈስ ይጀምራል፤ አፉ ይደርቃል። ለሳንባው ከሚታዘዙለት «ፓፍ» ከምንላቸው መድኃኒቶች አንዳንዱ አፍ ያደርቃል፤ ስቴሮይድ ያለበት ደግሞ ካልተጉመጠመጡ ምላስ ላይ ነጭ ፈንገስ ያወጣል። ምራቅን እንንቀዋለን እንጂ የጥርስ ዘበኛ እሱ ነው፤ አሲዱን ያጥባል፣ ለጥርስ ማዕድን ይመልሳል። እሱ ሲጠፋ ጥርስ ይበሰብሳል፣ ደረቅ ዳቦ መዋጥም ትግል ይሆናል። ትንፋሹን የሚያቆይለት መድኃኒት ጥርሱን ያስከፍለዋል ማለት ነው። የኢራን የጥርስ ሐኪሞች የእነዚህን ሰዎች የተበሉ፣ የተነቀሉና የተሞሉ ጥርሶች አንድ በአንድ ቆጥረው ጽፈዋል።

ይኸው ሰናፍጭ ጋዝ በ1928 ዓ.ም. ከጣሊያን አውሮፕላኖች በእኛም ሰው ላይ ዘንቧል። ጣሊያንም ኢራቅም ጋዙን የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት የተቀበሉ አገሮች ነበሩ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ጄኔቫ ሄደው ለዓለም ተናገሩ። የጣሊያን መከላከያ ሚኒስቴር ግን ያመነው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው፤ 60 ዓመት ቆይቶ።

በባዶ እግሩ ያን የተመረዘ ሣር ረግጦ የተረፈ አርበኛ ፓፍ አልነበረውም፣ ፋይል አልነበረውም፣ ወንበሩም አልነበረም። ቤቱ ተመልሶ ያስላል። ጥርሱ ሲረግፍ ልጆቹ እርጅና ነው ብለው ያልፉታል።