አየር አልባ ጎማ

አየር አልባ የብስክሌት ጎማ ሳይነፋ፣ በራሱ ጥንካሬና ተለጣጭነት ክብደት የሚሸከም ጎማ ነው። ከድፍን ላስቲክ፣ ከስፖንጅ መሰል ፕላስቲክ ወይም እንደ ማር እንጀራ ከተበሳሳ ላስቲክ ይሠራል፤ ሚስማር ቢወጋውም አይተነፍስም። ሐሳቡ አሮጌ ነው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ በ1888 እ.ኤ.አ. በአየር የሚነፋውን ጎማ እስኪያስመዘግብ ድረስ ብስክሌት የሚሽከረከረው በድፍን ላስቲክ ነበር።

በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለው ካዛንቺስ ከ2017 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ሲታደስ የብስክሌት መስመር አግኝቷል። ባለ አየር ጎማው የተነፈሰበት ሰው ግን ዛሬም ጎሚስታ ይፈልጋል። ጎሚስታው የውስጡን ላስቲክ አውጥቶ ትንሽ ይነፋዋል፤ ውኃ በሞላ ሳፋ ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚተፋውን ቀዳዳ ይፈልጋል። ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፣ ማስቲሽ ይቀባል፣ ጠፈፍ እስኪል ይጠብቃል፣ ከዚያ ቁራጭ ላስቲክ ለጥፎ አጥብቆ ይጫነዋል። እጅ የለመደው ድንቅ ሙያ ነው።

አየር አልባው ጎማ ይህን ሁሉ ያስቀራል፤ ዋጋው ግን በጉልበት ይከፈላል። ብዙውን ጊዜ ይከብዳል፣ ይጎትታል፣ የመንገዱንም ጉብታ እስከ እጅና ወገብ ያደርሳል። ልኩ ከቸርኬው ጋር በትክክል ካልገጠመም አይያዝም። ከመስቀል አደባባይ በአፍሪካ አዳራሽ በኩል ሽቅብ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ፔዳል ለሚመታ ሰው ልዩነቱ በትንፋሹ ይታወቃል። በዝግታ ለሚሄድ የኤሌክትሪክ ስኩተር ተስማሚ ነው፤ በየቀኑ ዳገት ለሚወጣ ግን ውጪው ወፍራም የሆነ ባለ አየር ጎማ ይሻላል።